የባህል ክበብ ዘገባ፦ ሰኞ ባቲ፣ ኅዳር 29 ሜዳችን ላይ

«የባህል ክበብ ማለት ኅዳር ሲደርስ ልብስ ተውሶ የሚጨፍር ነው።» ይህን ከመምህራን ማረፊያ እስከ ወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ስብሰባ ድረስ ሰምተነዋል። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣልንም። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በ1999 መከበር ከጀመረ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ የለመድነው ነገር ነው። አንዱ የአፋር ሽርጥ ያገለድማል፣ ሌላዋ የአገው ቀሚስ ትለብሳለች፣ ዘፈኑ ከስልክ ይለቀቃል፣ ጭብጨባ፣ አለቀ። ዘንድሮ መጀመሪያ ባለቤቶቹን እንጠይቅ ብለን ተነሳን።

ስለ ስብሰባዎቹ ብዙ የምለው የለኝም። ሊቀመንበር ተመረጠ፣ ፀሐፊ ተመረጠች፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። የተጨቃጨቅነው መንዙማና በገና መድረክ ላይ ይቅረቡ ወይስ ይቅሩ በሚለው ነው። ግማሹ «ባህላችን ነው» አለ። ግማሹ «ትምህርት ቤት ውስጥ ሃይማኖት አይገባም» ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ ሁለቱንም ተውናቸው። እኔን ግን አሁንም ይቆጨኛል። ወሎን ያለ መንዙማ ማሳየት ቡናን ከቶና እንደመጀመር ነው።

ወደ ባቲው ጉዞ ልምጣ። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ሰኞ ደግሞ ትምህርት አለ። ፈቃድ ለማግኘት የተመላለስኩትን ቢሮ ያውቀዋል። መንገዱም አስተማማኝ አይደለም ተብሎ ቀኑ ተገፋ። በስተመጨረሻ አንድ ወላጅ ሚኒባሱን በነዳጅ ዋጋ ብቻ ሰጠንና ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ወረድን። 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ባቲን አይተው የማያውቁ ልጆች ነበሩን።

ገበያውን ለሚያውቀው አልተርክም። ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል ይወጣል፣ ከደጋው እህል ይወርዳል፣ ኦሮምኛው፣ አማርኛውና አፋርኛው እዚያው ይቀላቀላል። ልጆቹ በቡድን ተከፋፍለው አንድ ጥያቄ ያዙ፦ «ሃይማኖቱ ከእርስዎ የተለየ ጎረቤትዎ ቤት ሐዘን ሲገባ ምን ያደርጋሉ?»

አንደኛው ቡድን ቅቤ የሚሸጡ አንዲት እናት ጋ ደርሶ ቆመ። እሳቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ብቻ ነው። አስተርጓሚ ይሆናል ያልነው የባቲ ልጅ ደግሞ ያን ቀን ቀርቷል። ከቡድኑ ጀርባ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከወለጋ ተፈናቅሎ ከመጣ ቤተሰብ ናት። ክበቡ ውስጥ ከገባች ጀምሮ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ቀስ ብላ ወደ ፊት መጣችና «አካም ጅርቱ» አለች። ከዚያ ማን ያስቁማት! እሳቸው ሲጠይቋት ስትመልስ፣ ስትጠይቃቸው ሲመልሱ፣ የእኛ ልጆች ደብተር ይዘው ቆመው ቀሩ። ሴትዮዋ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። ነገረቻቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከቅቤያቸው በጣታቸው ቆንጥረው ራሷ ላይ አደረጉላት፣ መረቋት። አንዱ ጎረምሳ «ቲቸር፣ ዩኒፎርሟ ሊቆሽሽ ነው» አለ። ዝም በል አልኩት። እኔም ፊቴን ዞር አድርጌ ነበር።

ኅዳር 29 መድረኩን በአማርኛና በኦሮምኛ የመራችው እሷ ናት። ከበዓሉ በፊት «ያቺን ልጅ በዚያ ቋንቋ መድረክ ታስመራታለህ? ከየት እንደመጣች እያወቅህ?» ያሉኝ ነበሩ። ነገሩ ለእኔም ቀላል አልነበረም። ጠየቅኳት። «ቋንቋው ምን በደለኝ፣ ቲቸር?» አለችኝ። ለጠየቁኝም ያንኑ ነገርኳቸው።

በዓሉ ያማረው ሰፈሩ ስለመጣ ነው። በማሲንቆ አራቱ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ተራ በተራ ተሰሙ። ሚኒ ሚዲያዎች የአፋሮችን ዳጉ በጭውውት ሠሩት። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተገናኝተው፣ ተቀምጠው፣ ያዩትን የሰሙትን ሳያጓድሉ ይነጋገራሉ። የዋግ ልጆች ሻደይን አንጨፍርም አሉ፤ «ሻደይ የነሐሴ ነው፣ በኅዳር ምን አመጣው?» በቃ፣ ተነሥተው አስረዱ። ሰቆጣ ሻደይ የሚባለው ላሊበላ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ሶለል መሆኑን ሰማን። ከጭፈራው ይልቅ ይሄ ነው ያስደሰተኝ።

ምግቡን ያሰቡት እናቶች ናቸው። በዓሉ የነቢያት ጾም ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ሥጋ የለም፣ የክርስቲያን የእስላም ብሎ መለየት የለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ሁሉም ከአንድ ገበታ በላ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈዘዝ ብሏል። ሁለተኛው መንፈቅ ፈተና ነው፣ ተማሪውም ቀነሰ። ለግንቦት ያሰብነው የሾንኬ ጉዞ ቀርቷል፤ የአርጎባዎቹን የድንጋይ ቤቶች ልጆቹ እስካሁን በፎቶ ብቻ ነው የሚያውቋቸው። መኪና የለማ!

የጎደለንንም ልናገር። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ የክበቡ ሳጥን ከነልብሱና ከነከበሮው ጠፋ። እስካሁን የተተካልን አንድ ከበሮ ነው። የኅዳሩን ሞንታርቦ ከሠርግ ቤት ተከራየን፣ ሒሳቡን መምህራን አዋጣን። ለኳስ ቡድኑ ማልያ የተገዛበት ዓመት ነው፣ አልተመቀኘንም፤ ግን አይተናል።

ለመጪው ዓመት የምንለምነው ትልቅ ነገር አይደለም፦ አንድ ሞንታርቦ፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን፣ በመንፈቅ አንድ ሰኞ። የአገር ልብስ መስጠት የምትፈልጉ ወላጆች ወመህ ቢሮ አስረክቡ፣ ተመዝግቦ ይያዛል። ታጥቦ ቢመጣ ደስ ይለናል።