ርካሽ ግራይንደር ለገዛችሁ አባላት

ውድ አባላት፣ ርካሽ ግራይንደር (በሚዞር ዲስክ ብረት የሚቆርጥና የሚሞርድ የእጅ ማሽን) ከገዛችሁ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ የጊር ቤቱን (የሚዞሩት ጥርሶች ያሉበትን ክፍል) ክፈቱት። ብዙ ጊዜ ግራሶው ወይ ጥቂት ነው፣ ወይ አንድ ጥግ ላይ ተከምሯል፤ ጥርሱ ቶሎ የሚበላው በዚህ ነው። አሮጌውን ጠርጋችሁ የሊትየም ግራሶ እስከ ሲሶው ብቻ ጨምሩ። ከዚያ ካለፈ ይሞቅና ወደ ሞተሩ ይገባል።

ካርቦኑ (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ ከሚያቀብሉት ሁለት ትናንሽ ቁራጮች አንዱ) ከ6 ሚሊሜትር ሲያጥር ሁለቱንም ባንድ ላይ ቀይሩ፤ አዲሱ ቦታውን እስኪይዝ ጥቂት ደቂቃ ያለ ሥራ አዙሩት።

ዲስክ ላይ የተጻፈው ዙር ከማሽኑ እንዳያንስ። ባለ 115 ሚሊሜትሩ ማሽን በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። አደራ፣ የዲስኩን መከላከያ አውልቃችሁ የ180 ሚሊሜትር ዲስክ አትግጠሙበት! ያ ዲስክ የሚችለው 8,500 ዙር ገደማ ስለሆነ እጃችሁ ላይ ሊበተን ይችላል።