መጽሐፉን ዘግታችሁ ንገሩን፦ የጥናት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሥራ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። በመጀመሪያው ረቡዕ የባዮሎጂ ቤተ ሙከራው ጢም ብሎ ሞልቶ በመስኮት የሚያዳምጡም ነበሩ። ያመጣቸው ፍርሃት ነው፤ አይፈረድባቸውም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። ሀንዳውት ይታደላል ብለው የመጡም ብዙ ነበሩ። እንደማይታደል ሲያውቁ ኅዳር ሳይጋመስ ጠፉ፤ ለጸኑት ወንበር ተረፈ።

የዓመቱ ዋና ሥራችን አንድ ነበር ማለት ይቻላል፦ ደጋግሞ ማንበብን ማስተው። ልጆቻችን ሰነፎች አይደሉም። እንቅልፍ ለማባረር እግራቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው የሚያነጉ አሉ። ነገር ግን ያን ሁሉ ሰዓት የሚጨርሱት ያነበቡትን መልሰው በማንበብና በሃይላይተር በመቀባት ነው። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የደም ዝውውርን ምዕራፍ ሦስቴ ጨርሼዋለሁ ብላ መጣች። መጽሐፉን አስዘግቼ ጠመኔ ሰጠኋት። አራቱን የልብ ክፍሎች አሳምራ ሣለች። "ከራይት ቬንትሪክል፣ ከታችኛው የቀኝ ክፍል የወጣው ደም ወዴት ይሄዳል?" ስላት ግን ትንሽ አመነታችና ቀስቱን ወደ አዮርታ፣ ማለትም ደምን ከልብ ወደ መላው ሰውነት ወደሚወስደው ትልቁ ደም ሥር ሰደደችው። መጽሐፏን ስትገልጥ፣ ደሙ በፐልመናሪ አርተሪ በኩል ወደ ሳንባ እንደሚሄድ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ተቀብቷል። ክፍሉ በሳቅ አወካ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ "መጽሐፉን ዘግተህ ንገረኝ" የክበቡ መፈክር ሆነ።

ዓይን የለመደውን ነገር አእምሮም የያዘው ይመስላል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በልጠው ተገኙ። ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን ያለ መጽሐፍ የጻፉት በለጧቸው። ጠዋት ኩዊዝ ላይ የነበረው ነገር ሞዴል ፈተና ላይ "ድራሹ የሚጠፋው" ለዚህ ነው። የአብነት ትምህርት የቀመሱ አንድ ወላጅ ይህን ስነግራቸው "እኛስ የቃል ትምህርቱን በጨለማ፣ ያለ መጽሐፍ አልነበር የምናጸናው? ይሄ አዲስ ነገር ተብሎ ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የሒሳብ መምህራን ወርክሺቶቹን ደባልቀው አዘጋጁልን። በምዕራፍ የተለየ ወርክሺት ላይ ተማሪው ቀመሩን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሥራው ቁጥር መተካት ብቻ ነው። ብሔራዊ ፈተናው ግን ሎጋሪዝሙን ከፕሮባቢሊቲው አጠገብ ያስቀምጠዋል እንጂ "ይህ የምዕራፍ ሁለት ነው" አይልም። መጀመሪያ ላይ ውጤታቸው ስለወረደ ብዙ አጉረመረሙ፣ አንዳንዶቹም በክፍል አለቃቸው በኩል አቤቱታ አቀረቡ።

የስህተት ደብተር የጀመርነውም ያኔ ነው። ተማሪው የሳተውን ጥያቄ ይገለብጥና አጠገቡ ለምን እንደሳተ ይጽፋል። እኔ "አላጠናሁትም" የሚለው ይበዛል ብዬ ነበር። አንዱ ልጅ ደብተሩን ሲያሳየኝ ግን ገጹ በአንድ ቃል ተሞልቷል፦ "ኤክሴፕት"። ጥያቄው "ከሚከተሉት በቀር" እያለ፣ እሱ መጀመሪያ ያገኘውን ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር እያጠቆረ ያልፋል። ለእሱ ሌላ አጋዥ መጽሐፍ አላስፈለገውም፤ ቃሏን ባየ ቁጥር በእርሳስ መክበብ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

የቅዳሜው የቡድን ጥናት ብዙም አልሄደም፤ ወሬው በዛ። በሚኒ ሚዲያ ያቀረብነው የእረፍት ሰዓት ጥያቄና መልስ ግን ተወዳጅ ስለነበር ይቀጥላል። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ የቆየና ስልክ ይዞ መግባት የማይፈቀድ በመሆኑ፣ ግንቦት ላይ በቴሌግራም ቻናል ብቻ ያጠኑ የነበሩትን ወደ ወረቀት መልሰናቸዋል። ስለ እንቅልፍም ተከራክረናል፤ ውሃ ነካሪዎቹን ሁሉ አሳምኛለሁ አልልም።

ጠመኔና ወረቀት ላልነፈጉን የላይብረሪ ሠራተኞች፣ ማርኪንግ እያለባቸው ረቡዕ ረቡዕ ለቀሩልን መምህራን ምስጋናዬ ይድረስ። የክበቡ አዲስ አመራር ምርጫ መስከረም ላይ ይካሄዳል። ወደ 12ኛ የምታልፉ አባላት የስህተት ደብተራችሁን ለክረምት ለማንም አታውሱ፤ የመጀመሪያው ስብሰባችን የሚጀምረው ከእሱ ነው።