የኒዶ ጣሳው አሁንም አለ?

ይድረስ ለእናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማሙሽ 9 ወሩን ጨርሶ ወንበር እየያዘ መቆም ጀምሯል። ይህን በስልክም ልነግርሽ እችል ነበር። ነገር ግን ስለ ልጁ ምግብ ባነሳን ቁጥር ሁለታችንም ድምፃችን ከፍ ይልና ሳንጨርስ እንዘጋለን። መነጽርሽን አድርጊና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

በቅድሚያ ልናዘዝ። በጥር የመጣን ጊዜ "መንገድ ላይ ምን በላ?" ስትይኝ "ገንፎውን" አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ያገነፋሁትን ገንፎ በፔርሙዝ ይዤ ነበር፤ አፉን እንዳያቃጥለው ብዬ አብርጄ ነው የሞላሁት። ጣርማ በር ላይ በብርድ ስንንቀጠቀጥ ቆየንና ቁልቁለቱን ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። ልጁ እያለቀሰ ክዳኑን ስከፍተው ሽታው የሊጥ እርሾ ሆኗል። አፍሬ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ። በመስኮት ሙዝ ገዝቼ በማንኪያ ጀርባ እየደፈጠጥኩ አበላሁት። ሙዝ መቼም እግዜር ራሱ ጠቅልሎ የሰጠን ምግብ ነው። ቤትሽ ስንደርስ ያቀረብሽለትን ሳህን ሙልጭ ሲያደርግ አይተሽ ሳቅሽ፤ ሳይገባሽ አልቀረም።

በኋላ ጤና ጣቢያ ለክትባት ስወስደው ነርሷን ጠየቅኳት። ጥፋቱ ማብረዴ ነው። የበሰለ ምግብ በጣም እንደጋለ ወይም በጣም እንደቀዘቀዘ ካልተያዘ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም አለችኝ። ለብ ያለ ነገር ለተህዋስያን ምቹ ነው። የልጁ ማንኪያ የገባበት ትራፊም ለማታ አይቀመጥም፤ ምራቁ ስለሚገባበት ቶሎ ይበላሻል።

ከጤና ጣቢያው ስመለስ ባቲ ትዝ አለኝ። ሰኞ ገበያ ስትወርጂ ታናሽ ወንድሜን በአንቀልባ አዝለሽው፣ እኔ ደግሞ ያንን የኒዶ ጣሳ ታቅፌ። ውስጡ ደረቅ የበሶ ዱቄት ብቻ ነበር። እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ቢውልም ምንም አይሆንም። ሲርበው ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ ዘንድ ሄደሽ ከሚንተከተከው ማንቆርቆሪያ ታስቀጂና እዚያው ታቀጥኝለታለሽ። በኩባያ ክዳን ላይ እያናፈስሽ ስታበርጂው፣ ጠብታውን በእጅሽ አንጓ ላይ ስትሞክሪው ይታየኛል። የዚያን ጊዜ ድህነት ይመስለኝ ነበር፤ የሰው ልጆች ብስኩት ሲበሉ እኛ በሶ። አሁን እኔም ደረቁን ለብቻ፣ የፈላውን ውሃ በፔርሙዝ ለብቻ ይዤ ነው የምወጣው። እሑድ እንጦጦ ስንወጣ እንኳ እንደዚያ ነው። ካሮትና ድንች ሊበላ ከሆነ ግን በቅርብ ለምንመለስበት መንገድ ብቻ ነው የምይዘው።

በነጠላም እየሸፈንኩ አበላዋለሁ፣ ደስ ይበልሽ። በዓይን ነገር አሁንም አልተስማማንም። ነገር ግን ሰው በበዛበት ቦታ አንገቱን እያዞረ አልበላ ሲለኝ ነጠላ ስጋርደው ሳህኑን ብቻ ያያል፤ ይጨርሳል። ለምን እንደሆነ አንቺ በራስሽ መንገድ አስረጂ፣ እኔ በራሴ።

በአንዱ ግን አልለቅሽም፤ ማሩ። "እናንተን በምን አሳደግኩ?" እንደምትይ አውቃለሁ። ማር ውስጥ አንዳንዴ የሚገኝ ተህዋስ አለ፤ እኛን ምንም አያደርገንም፣ ዓመት ባልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ ግን መርዝ አውጥቶ ሰውነቱን ሊያዝለው፣ ትንፋሹንም ሊያሳጥረው ይችላል። ብታፈይውም አይሞትም። ለፋሲካ ስንመጣ ማሙሽ ገና 10 ወሩ ነው፤ ስለዚህ በጣት ጫፍም ቢሆን እንዳታልሺው። እኔ ዞር ስል ብለሽም አታስቢ፣ ከንፈሩን አሸታለሁ! ጨውና ስኳርም ይቅር። ቅቤውን ግን ጠብ አድርጊለት፣ በእሱ አልከራከርሽም። በመዳፍሽ ማጋቱንም ተይው፤ ትን ሊለው ይችላል። ማንኪያውን እኔ አመጣለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ። እዚህ ለበሶ ገብስ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። የመጀመሪያው አረረብኝ፤ ሁለተኛው ውስጡ ጥሬ ቀርቶ ሲፈጭ ነጭ ሆነ፤ ገንፎ አድርገን ጨረስነው። አንቺ ምጣዱ ላይ ስታምሺ ፍሬውን በጥርስሽ ቀጭ አድርገሽ "በቃው" ትዪ ነበር። ምን ሰምተሽ ነው "በቃው" የምትዪው? ይህን በስልክ ማስረዳት አይቻልም፤ ስመጣ አጠገብሽ ቆሜ አያለሁ። እስከዚያ አንድ ሁለት ኪሎ ፈትገሽ አምሰሽ አስፈጭልኝ፤ ስንመለስ ለመንገድ እንዲሆነን። የኒዶ ጣሳው አሁንም ካለ በእሱ አድርጊው። ክዳኑ ዝጎ ከሆነ ግን ተይው፣ ሌላ አመጣለሁ።

ማሩን ለእኔ አስቀምጪልኝ።

ልጅሽ