ጉዳዩ፦ አስጎብኚያችሁ መንገድ ላይ ጥሎን ስለ ወረደበት የእንፋሎት ባቡር ጉዞ

ለጉዞ ወኪል ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ለንደን

ከሦስት ሳምንት በፊት ላቀረብሁት ቅሬታ የሰጣችሁኝ መልስ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «አደጋው ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ገንዘብ አይመለስም።» ባቡሩ ከትራክተር ተጎታች ጋር መጋጨቱ ከአቅማችሁ በላይ መሆኑን አልካድሁም። ትራክተሩን ሐዲድ ላይ ያስገባችሁት እናንተ አይደላችሁም። እኔ የጠየቅሁት ግን ስለ ትራክተሩ አልነበረም። ምናልባት ደብዳቤዬን አጠር አድርጌ በመጻፌ ሳትረዱኝ ቀርታችሁ ይሆናል በሚል አሁን በረዥሙ እጽፋለሁ።

በፍልሰታ ጾም ውስጥ በዋለ አንድ ቀን፣ ከለንደኑ ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ተነሥቶ በኢሊ ከተማ በኩል ወደ ኖርዊች ከተማ ለሚሄደው የእንፋሎት ባቡር ሁለት ትኬት ገዝቻለሁ፤ አንዱ ለራሴ፣ ሁለተኛው ከድሬዳዋ ሊጠይቁኝ ለመጡት አባቴ። የእያንዳንዱ ዋጋ 129 ፓውንድ ነው። ባቡሩን የሚያስኬደው ሌላ ድርጅት መሆኑንና ከእርሱ በቀጥታ ብገዛ በሰው 30 ፓውንድ ይቀንስልኝ እንደነበር አውቃለሁ። ልዩነቱን ዓይኔን ሳላሽ የከፈልሁት በአማርኛ ማስታወቂያችሁ ላይ ስለ ሰፈሩት ሦስት ነገሮች ነው። አማርኛ ተናጋሪ አስጎብኚ ከመነሻ እስከ መመለሻ አብሮን ይጓዛል፤ የጾም ምግብ ይቀርባል፤ አረጋውያን እስከ ቤታቸው ደጃፍ ይሸኛሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በደማቁ «የለገሃር ትዝታ» ብላችሁ ጽፋችኋል። አባቴን የያዛቸው ይኸኛው ነው።

አባቴ የ83 ዓመት አዛውንት ናቸው። ድሬዳዋ ላይ በምድር ባቡር ጋራዥ 31 ዓመት በመካኒክነት ሠርተዋል። እርግጥ የእሳቸው ሙያ ናፍጣ ነው፤ እሳቸው ሲቀጠሩ ዘመኑ ተለውጦ ነበር። ነገር ግን በልጅነታቸው ጣቢያው አጥር ላይ ተንጠላጥለው ያዩት የእንፋሎት ባቡር እስከ ዛሬ ከአፋቸው አይወጣም። የዚያን ቀን ጠዋት ፉርጎ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት መድረኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደው ሎኮሞቲቩን አዩት። እንግሊዞች «ጥቁር አምስት» የሚሉት ዓይነት ነው፤ ከ1934 እስከ 1951 ድረስ 842 ያህሉ ተሠርተዋል። አባቴ ግን መጀመሪያ ያዩት ሎኮሞቲቩን ሳይሆን ሐዲዱን ነው። «የእኛ አንድ ሜትር ነበር፤ ይኸ ሰፊ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ 1435 ሚሊሜትር ነው። እስከዚህ ድረስ ለገንዘቤ ቅር አላለኝም፤ ይህንንም ጻፉልኝ።

ኢሊ ስንደርስ ባቡሩ ውኃ ለመሙላት ቆመ። በድሮው ጊዜ ሎኮሞቲቭ በሐዲዱ መካከል ከተዘረጋ ገንዳ እየሮጠ ውኃ ይቀዳ ነበር፤ ዛሬ ገንዳው ስለሌለ ቦቴ መኪና ጣቢያ ድረስ ይመጣለታል። ይህ ሲሆን ወጣቱ አስጎብኚያችሁ ተነሣና ምግቡን ከጓደኛው ጋር በመኪና ኖርዊች እንደሚያደርስ፣ እዚያም እንደሚቀበለን ነግሮን ወረደ። «እስከዚያ እየተጫወታችሁ» አለ። በፉርጎው ውስጥ 38 ኢትዮጵያውያን ነበርን፤ ከእነዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ቆጥሬያቸዋለሁ፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናቶችና አባቶች ናቸው።

አደጋው የደረሰው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። በዚያ ጠፍጣፋ የእርሻ ምድር የሐዲድ ማቋረጫ በየመንገዱ አለ፤ በመላው ብሪታንያ 6 ሺህ ገደማ ይሆናል። አንዳንዱ ገበሬው ራሱ በሩን ከፍቶ የሚሻገርበት ነው፤ ከመሻገሩ በፊት እዚያው በተተከለው ስልክ የምልክት ተቆጣጣሪውን ማስፈቀድ አለበት። ገበሬው ይደውል አይደውል የመርማሪዎች ሥራ ነው። እኔ የማውቀው ባቡሩ ረዥም ፍሬን መያዙን፣ ሻዩ ከጠረጴዛው ላይ መፍሰሱን፣ ከዚያም በመስኮቱ በኩል ገለባ እንደ ዝናብ መዝነቡን ነው። ሎኮሞቲቩ ትራክተሩ ይጎትተው የነበረውን የገለባ ተጎታች ኋላ ጠርጎት አለፈ። ከእኛ የተጎዳ የለም። ገበሬውም ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ከሐዲዱ ዳር ቆሞ አየነው፤ በእግሩ።

እንግዲህ ዋናው ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል።

እኔ ለአባቴ ውኃ ፍለጋ ወደ ሌላ ፉርጎ ሄጄ ነበር። በዚህ መካከል የባቡሩ አስተናጋጅ መጥታ የባቡሩ ነጂ ከሥራው መነሣቱንና ሌላ ነጂ እስኪመጣ መጠበቅ እንዳለብን በእንግሊዝኛ ትናገራለች። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ነጂውን ቀይሮ መመርመር የተለመደ አሠራር ነው። ሰው ሁሉ «ምን አለች?» ሲል እዚሁ ለንደን የተወለደ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ሊረዳ ፈልጎ «ሾፌሩን ወስደውታል» ብሎ ተረጎመ። አንዲት እናት ደንግጠው «አረፈ እንዴ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ «ማረፍ» ሲባል የሚያውቀው ዕረፍትን ብቻ ነው። «አዎ፣ አርፏል» አላቸው።

ስመለስ የጠበቀኝ ለቅሶ ቤት ነው። እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዲቱ «የማን ልጅ ይሆን፣ እናቱስ ታውቅ ይሆን» እያሉ ያነባሉ። አንድ አባት ጸሎት ጀምረዋል። ልጁ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። እኔ አስተናጋጇን ፈልጌ እስካጣራ ድረስ ሩብ ሰዓት ሙሉ በሕይወት ላለ ሰው ተለቀሰ። ነገሩን ያበረደው አባቴ ናቸው፤ በመስኮት በኩል ጥላሸት የለበሰውን ነጂ ከሐዲዱ ዳር ብርጭቆ ይዞ ሲንጎራደድ አዩትና «ይኸውላችሁ፣ ሟቹ ሻይ እየጠጣ ነው» አሉ። ዛሬ ስናገረው ያስቃል። የደም ግፊት ያለባቸው ሁለት እናቶች በዚያ ሰዓት አልሳቁም።

አንድ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚያውቅ ኃላፊነት ያለበት ሰው በዚያ ፉርጎ ውስጥ ቢኖር ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። ያንን ሰው ደግሞ ሸጣችሁልናል።

ለአራት ሰዓት ከሩብ ያህል እዚያው ቆምን። ፖሊስ መጣ፤ መርማሪዎች ፎቶ አነሡ፤ ባቡሩ ከኋላው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ቢኖረውም የአደጋው ቦታ ሳይፈተሽ መንቀሳቀስ አይችልም። «ለምን ወደ ኋላ አይጎትቱንም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጡ የነበሩት አባቴ ናቸው። ቦይለሩ እንዴት እሳቱን ይዞ እንደሚቆይ፣ ውኃው ከእሳት ሳጥኑ ጣሪያ በታች ከወረደ ምን እንደሚመጣ፣ ለምን ጢሱ አንዴ ነጭ አንዴ ጥቁር እንደሚሆን፣ የነጂው ረዳት አካፋውን ባነሣ ቁጥር አስረዱን። እኔ ከአስተናጋጇ የሰማሁትን እተረጉማለሁ፣ እሳቸው የሎኮሞቲቩን ጠባይ ይተረጉማሉ። ያን ቀን አስጎብኚዎቻችሁ እኛ ነበርን፤ ደመወዛችንን ግን አልጠየቅንም።

ወደ ስልካችሁ ሰባት ጊዜ ደውያለሁ። የአስጎብኚው ተዘግቷል፤ የቢሮው ይጮኻል፣ የሚያነሣው የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾመኞቹ የሚፈቱበት ሰዓት ደረሰ። የባቡሩ ሠራተኞች ያላቸውን ሁሉ በነፃ አመጡልን፤ ሳንድዊቹ ግን ዶሮና እንቁላል ነው። እነርሱን አልወቅስም፣ ስለ ፍልሰታ የነገራቸው የለም። የእኛ ሽሮና እንጀራ ኖርዊች ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አባቴ በደረቅ ዳቦና በሙዝ ጾማቸውን ፈቱ፤ ዳቦውንም የሰጧቸው ያቺ ያለቀሱት እናት ናቸው።

በኋላ ናፍጣው ወደ ኢሊ መለሰን፤ ከዚያ በመደበኛ ባቡር ለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ገባን። ኖርዊች ካቴድራልን አላየንም። ይህ ግን ቅሬታዬ ውስጥ የለም። ባቡሩን ያስኬደው ድርጅት በሳምንቱ የይቅርታ ደብዳቤ ልኮ ለሌላ ጉዞ የግማሽ ዋጋ ቅናሽ ሰጥቶናል። ኪንግስ ክሮስ ላይ ግን አረጋውያኑን የሚሸኝ አልነበረም፤ አባቴን በታክሲ ወሰድኋቸው፤ ሂሳቡ 34 ፓውንድ። በዚያው ምሽት ፌስቡክ ገጻችሁ ላይ ጠዋት መድረኩ ላይ የተነሣነውን ፎቶ ለጥፋችሁ «ደማቅ የኖርዊች ጉዞ ከአረጋውያን ወላጆቻችን ጋር» ብላችሁ ጽፋችኋል። አባቴ ከመካከል ናቸው፤ ኮፍያቸውን ይዘው ይስቃሉ።

በስልክ ያነጋገረችኝ ሠራተኛችሁ የጥቅል ጉዞ ደንብ ሌሊት የማያሳድር የአንድ ቀን ጉዞን እንደማይመለከት ነግራኛለች። በዚህ ልክ ናት። ነገር ግን የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ ይመለከታችኋል። በዚህ ሕግ አገልግሎት በተገቢ ጥንቃቄና ሙያ መሰጠት አለበት፤ ስለ አገልግሎቱ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ለደንበኛው ተነግሮት አምኖበት የገዛው ነገር የውሉ አካል ይሆናል፤ ካልተፈጸመም የዋጋ ቅናሽ ይጠየቅበታል። ማስታወቂያችሁ በአማርኛ መጻፉ ይህን አይለውጠውም። ማስታወቂያውን አስቀምጬዋለሁ።

የምጠይቀው ባቡሩን አይደለም፣ የእናንተን ድርሻ ነው። የሁለት ሰው ልዩነት 60 ፓውንድ፣ ታክሲው 34፣ በድምሩ 94 ፓውንድ በ14 ቀን ውስጥ እንዲመለስልኝ፤ ለሌሎቹ 36 ተጓዦችም ልዩነቱ ሳይጠይቁ እንዲመለስላቸው፤ ፎቶው ከገጻችሁ እንዲነሣ። ለዚያ ልጅም ደውላችሁ ጥፋቱ የእርሱ አለመሆኑን ንገሩት፤ እናቱ እንደምትለኝ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ አማርኛ መናገር ፈርቷል።

ቀኑ ካለፈ በክሬዲት ካርድ ስለከፈልሁና ትኬቱ ከ100 ፓውንድ በላይ ስለሆነ በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ጥያቄዬን ለባንኬ አቀርባለሁ። ቅጹን ሞልቼ ጨርሻለሁ፤ የቀረው ቀን መጻፍ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የሁለት ትኬት ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦
ለአባቴ፣ ድሬዳዋ (እንዲነበብላቸው ሳይሆን ራሳቸው እንዲያነቡት)