ቅዳሜን ምን ዋላችሁ ላልሽኝ

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አትሳቂ፤ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው።

እሁድ ማታ ስትደውዪ «ቅዳሜን ምን ዋላችሁ?» አልሽኝ። «ምንም» አልኩሽ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቆራረጠና ተለያየን። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ቅር አለኝ። «ምንም» ያልኩት ቀን እኮ ከጠዋት እስከ ማታ ጉድ ጉድ ስንል የዋልንበት ነው።

የሰፈራችን ውሃ በፈረቃ መሆኑን ታውቂያለሽ። ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሮቶው ውስጥ ሲወርድ ሰማሁት። እናትሽ ቀድማኝ ሰምታ ኖሮ ጀሪካን እየደረደረች ነበር። ውሃ በመጣ ቀን ብርድ ልብስና ጋቢ ካልታጠበ መቼ ይታጠባል? ረፋዱ ላይ የልብስ ማስጫው ሞልቶ አጥሩ ላይ ደረስን። የጥቅምት ነገር መቼም፣ ጥላ ውስጥ ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ደግሞ እንቅልፍ ያመጣል። እኔ ፀሐይ ላይ ነበርኩ።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ? ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ከዚያ እስከ ገና ዶሮ የለም። ስለዚህ አርብ ሾላ ሄጄ ሁለት የሐበሻ ዶሮ ገዛሁ። ዋጋውን አልነግርሽም። ለእናትሽም በትክክል አልነገርኳትም።

ማረዱ የኔ ነው። ድሮ የኔ ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል። ባንክ እያለሁ ቅዳሜም ግማሽ ቀን ሥራ ነበረብኝ፤ ከሰዓት ስመጣ የወጡ ሽታ ደጅ ድረስ ወጥቶ ይቀበለኝ ነበር። እንዴት እንደሚሠራ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቤት ስውል ነው ማድቤት የገባሁት።

ወንድምሽ ብልት ማውጣት ልማር ብሎ ተቀመጠ። የመጀመሪያዋን እናትሽ እያሳየችው 12 ብልት አወጡ። ሁለተኛዋን ለብቻው ሲሞክር 11 ሆነችበት። አሥራ ሁለተኛዋን እስካሁን እየፈለግን ነው። እናትሽ ሥጋውን በሎሚና በጨው እያሸች፣ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግማ አጠበችው። እኔ ስቆጥር 7 ጊዜ። እንኳንም ውሃ መጣ!

ለኔ 4 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደረሰኝ። የመጀመሪያውን እንደከተፍኩ እናትሽ በጣቷ አነሳ አድርጋ አየችውና «ይሄ ለወጥ ነው ለሰላጣ?» አለች። ከዚያ ቢላዋውን ተቀብላ አሳየችኝ። ለሁለት ትከፍዪዋለሽ። ሥሩን ሳትቆርጪ በቁመቱ ቀጭን ቀጭን አድርገሽ ትሰነጥቂዋለሽ። ከዚያ በአግድም ስትከትፊው እንደ ጤፍ እርግፍ ይላል። የሷ እንደ ጤፍ፣ የኔ እንደ ሽምብራ። ዓይኔ አላሳይ ሲለኝ የወንድምሽን የዋና መነጽር አድርጌ ጨረስኩት። ፎቶ አንስቶኛል፤ ከላከልሽ አጥፊው።

ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚጣደው። ራሱ ውሃ ያወጣል፤ ያንን ሲጨርስ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። ትንሽ እንደሄድን መብራት ጠፋ። ወደ ከሰል ዞርን። እናትሽ እንዲያውም ደስ አላት፤ ቁሌት በከሰል ነው ባይ ናት። አንድ ሰዓት ሙሉ አማሰልኩ። ክንዴ ዝሎ፣ ግንባሬ በላብ ተጠምቆ፣ ሽንኩርቱ ገና ወርቃማ እንኳ አልሆነም። እሷ ቡና ልትቆላ ስትነሳ «አደራ፣ ከድስቱ እንዳትለይ» አለችኝ።

ጎረቤታችን በአጥር ጠራኝ። ስለ ውሃ ክፍያ ነው። አምስት ደቂቃ ብትሆን ነው።

ያረረ ሽታ ከእኔ ቀድሞ እናትሽ ዘንድ ደረሰ። የቡናውን ብረት ምጣድ ትታ ስትሮጥ ጫማዋ አንድ እግር ላይ ብቻ ነበር። ተቆጣች ብለሽ ነው? ድስቱን አየች፣ እኔን አየች፣ መነጽሩ ግንባሬ ላይ ነው። ሳቋን ማቆም አቅቷት በርጩማው ላይ ዘፍ አለች። ሲወጣላት ታቹን ሳትነካ ከላይ ከላዩን ወደ ሌላ ድስት ገለበጠችው። ማማሰያውን ስትቀማኝ ተባረርኩ ብዬ ልወጣ ስል «የት ነው? ቁጭ በል» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። ቡናውን እዚያው ማድቤት አፈላችው። በርበሬው ሲገባ ወንድምሽ እያነጠሰ ወጣ። ቅቤው ገባ፣ ዶሮው ገባ። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን፣ በረካው ላይ መብራት መጣ። ማናችንም ተነስተን ወደ ስቶቩ አልመለስነውም። ስለምን እንዳወራን ብትጠይቂኝ አላስታውስም። ስለ አጎትሽ መሬት፣ ስላንቺ ጉንፋን፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ጋቢዎቹን የሰበሰብናቸው ጨልሞ ነው፤ ግማሹ ጤዛ ይዞታል።

እሁድ እማማ ለምሳ መጡ። ገና እንደጎረሱ ቆም አሉና «ዛሬ ምን ጨምራችሁበታል? ጭስ ጭስ ይላል፤ አይ ግን ይጣፍጣል» አሉ። እናትሽ ፊቷን ሳታዞር «አዲስ መከለሻ ነው እማዬ፤ እሱ ነው ያመጣው» አለች። እሳቸውም ለራሳቸው ትንሽ በወረቀት እንድንቋጥርላቸው ጠየቁ። ያለውን ቋጠርንላቸው።

ይደውሉልሻል። ስለ መከለሻው ከጠየቁሽ አላውቅም በይ።

አባትሽ