ኤግዚቢሽናችን በሰላም አለቀ፣ ባለውለታዎቼን ላመስግን

ሰላም የባህር ዳር ልጆች፣ ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የአርትና ዲዛይን ኮርሳችን የዓመቱ መጨረሻ ኤግዚቢሽን በሰላም ተጠናቋል፣ ክብሩ ይስፋ። መጥታችሁ ያያችሁልኝም፣ መምጣት ባይመቻችሁ ደውላችሁ አይዞሽ ያላችሁኝም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመክፈቻው ቀን ማይክ ሲሰጠኝ እንባዬ ቀደመኝና መናገር የፈለግኩትን ሁሉ መናገር አልቻልኩም፣ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ከመክፈቻው ዋዜማ ልጀምር። የሰኔን ዝናብ የኛ ከተማ ሰው ያውቀዋል፣ ከጣና በኩል ሰማዩ ጥቁር ብሎ ከመጣ በቃ መሸሸጊያ ነው የሚፈለገው። ስራዎቻችን ተሰቅለው ካለቁ በኋላ የአዳራሹ ጣሪያ በአንድ ጥግ ማፍሰስ ጀመረ፣ ወዲያው ደግሞ መብራት ጠፋ። ጥበቃው አባባ በባትሪ እየመሩን፣ እኛ በስልክ መብራት፣ እየሮጥን ማውረድ ጀመርን። ከውጪ ቆመው ዝናብ እስኪያባራ ይጠብቁ የነበሩ የባጃጅ ልጆች ጩኸታችንን ሰምተው ገቡና ማንም ሳይጠይቃቸው ስራውን በላስቲክ እየጠቀለሉ በባጃጅ ወደ ጓደኛችን ቤት ማመላለስ ጀመሩ። ሂሳብ ስንት ነው ስለው አንደኛው "ተይ እህቴ፣ አሁን የሂሳብ ሰዓት ነው እንዴ" ብሎኝ ተመልሶ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ስማችሁን አልያዝኩም፣ ታርጋችሁንም አላየሁም፣ ፋሲሎ አካባቢ የምትሰሩ ናችሁ መሰለኝ፣ ይሄን ያነበበ ያድርስልኝ፣ ክፉ አይንካችሁ።

ያን ሌሊት የቁሳቁስን ባህሪ በተግባር አየነው። በውሃ ቀለም የተሰሩት ስእሎች ላይ ቀለሙ ተንጠባጥቦ ወርዷል፣ በዘይት ቀለም የታተሙት የሊኖ ፕሪንቶች (ሊኖ በሚባል ለስላሳ ንጣፍ ላይ ቀርጸን ያተምናቸው ስእሎች) ግን ወረቀቱ ተጨማደደ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ገና እሳት ያልገባ የሸክላ ስራ እግሩ ስር ውሃ ተኝቶበት ወደ ጭቃነት ተመልሷል፣ ከጎኑ የነበረው የተቃጠለው ሸክላ ደግሞ በጨርቅ ስንጠርገው ምንም አልሆነም። የተጨማደዱትን ወረቀቶች ማን አቃናቸው ካላችሁ የጓደኛችን ጎረቤት እትዬ ናቸው። መብራት የለም፣ እሳቸው ግን የድሮ የከሰል ካውያ ነበራቸው። ፕሪንቱን ፊቱን ደፍተን ከላይም ከታችም ንጹህ አቡጀዲ አድርገን፣ እሳቸው በለሰለሰ እሳት ቀስ እያሉ ከመሀል ወደ ዳር ሲተኩሱት ወረቀቱ እየተንፈሰፈሰ ሲተኛ ማየት አቤት ደስ ሲል! እስኪነጋ ድረስ ከሰል እየለወጡ ሲተኩሱ አደሩ፣ በመሀል ቡናም አፈሉልን። እትዬ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ኤግዚቢሽኑ በሰዓቱ የተከፈተው በእርስዎ ነው።

አሁን ስለ ኮርሱ፣ ምክንያቱም ዋናው ምስጋናዬ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው "አሁን አንቺ ምንድነው የምትማሪው?" ይለኛል። የኛ ኮርስ ተማሪውን ገና ከመግባቱ አንዱን ምረጥ አይለውም። ድሮዊንግ ትሰራለህ፣ ከዛ ፕሪንት፣ ከዛ ሸክላ፣ ሽመና፣ ፎቶ፣ ግራፊክስ፣ ሁሉንም በእጅህ ነክተህ ነው ወደ አንዱ የምታደላው። መምህራችን እንደነገሩን ይሄ አሰራር በፈረንጆቹ 1919 ጀርመን ቫይማር ላይ ከተከፈተው ባውሀውስ ከሚባለው ትምህርት ቤት ጋር ነው ስሙ የሚነሳው፣ እዛ ተማሪ ወደ አንድ ወርክሾፕ ከመግባቱ በፊት መጀመሪያ ቁሳቁስን፣ ቅርጽንና ቀለምን በመሰናዶ ኮርስ እየሞከረ እንዲያውቅ ይደረግ ነበር። ነገር ግን ይሄን ለዘመድ ማስረዳት ከባድ ነው። አጎቴ ከፋሲካ ጀምሮ "ሁሉን የነካ አንዱንም አይዝም፣ አካውንቲንግ ይሻላት ነበር" ሲል ከረመ፣ ያው ለኔ አስቦ ነው፣ አልቀየመውም።

አባዬ ግን! አባዬ እድሜውን የጨረሰው ባህር ዳር ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ነው፣ ያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሰራው ፋብሪካ። እንደምታውቁት ሰው አይጫንም። መምህራችን አንድ ቀን እኛ ቤት መጥተው ቡና እየተጠጣ አጎቴ ያንኑ ነገር ሲያነሳ ስለ ሰዓሊ አፈወርቅ ተክሌ አጫወቱት፤ እንግሊዝ ሀገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፣ እሳቸው ግን ስእል ተምረው መጡ፣ ስእል ብቻም አይደለም፣ ሞዛይክም ቅርጻ ቅርጽም ሰርተዋል፣ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለቀለም መስታወትም የሳቸው ስራ ነው። አጎቴ ዝም አለ። አባዬ ሲኒውን አስቀመጠና "ፋብሪካ ውስጥ እኮ መፍተያውንም፣ መሸመኛውንም፣ ማቅለሚያውንም ያየ ሰው ነው ብልሽቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው፣ ልጄን ተዋት ትይ" አለው። ከዛ ወዲህ ቤት ውስጥ ማንም ምን ሆነሽ ነው የምትወጪው ብሎኝ አያውቅም። አባዬ፣ ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልነገርኩህም እንጂ ከዛን ቀን ጀምሮ የሰራሁት በሷ ነው።

መምህሮቻችንን በጅምላ አመሰግናለሁ፣ በተለይ ግን ክፍል ውስጥ ብቻ ስላላስቀመጣችሁን። ከከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩት ሸክላ ሰሪዋ እናታችን ያለ ምንም ማሽን፣ ጭቃውን እየደራረቡ በእጃቸው ጀበና ሲያወጡ ቁጭ ብለን አይተናል፣ ገል ወቅጠው ጭቃው ውስጥ የሚጨምሩት ሲደርቅና ሲቃጠል እንዳይሰነጠቅ ነው፣ ይሄን በመጽሀፍ ብናነበው አይገባንም ነበር። ሀይቁ ዳር ታንኳ የሚሰሩት የነገደ ወይጦ አባታችን ደግሞ ደንገሉን፣ ያን የሀይቁን ረጅም ቄጠማ፣ አድርቀው፣ በእቅፍ በእቅፍ አስረው፣ አፍንጫውን ቀና አድርገው ሲያስሩት ያለ ወረቀት፣ ያለ ሜትር ነው። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ብዙም ሳይቆይ በሌላ ይተካል፣ እሳቸው ይሄን አውቀው ነው የሚሰሩት። የዲዛይን መምህራችን "በሉ ይሄን ሳሉ" ብለው ሲያስቀምጡን አባታችን ስራቸውን አቁመው እንድናይ አንዱን እስር ፈተው እንደገና አሰሩልን። አባባ ያን ቀን ስራዎን አስፈትተን ሳይሰለቹ ስላስተማሩን ከልቤ አመሰግናለሁ።

ደግሞ ዘጌ። በጀልባ ኡራ ኪዳነ ምህረት ሄደን፣ ከቡናው ጫካ ወጥተን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስንገባ ሁላችንም ቀና ብለን ቀረን። ስእሎቹን በልጅነቴም አይቻቸዋለሁ፣ ጻድቃን በሁለት አይን፣ ኃጥአን በጎን በአንድ አይን እንደሚሳሉ አያቴ ነግራኛለች። ያን ቀን ግን አንድ አባት ጠጋ በሉ ብለው ጠርዙን አሳዩን፤ ስእሉ ግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሳለ አይደለም፣ ጥጥ ጨርቅ ላይ ተስሎ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ጠርዙ ላይ ክሩ ይታያል፣ ድርና ማጉ። በቃ እዛው ቆሜ ማሰብ ጀመርኩ፣ ለካ ሰዓሊው ብሩሽ ከማንሳቱ በፊት አንዷ ፈትላለች፣ አንዱ ሸምኗል፣ እኔ ሽመና ልያዝ ወይስ ፕሪንት እያልኩ የምጨነቅበት ነገር እዚህ ግድግዳ ላይ አንድ ላይ ተለጥፎ ይኖራል። አባታችን ጠርዙን ስላሳዩን ብቻ ነው የመጨረሻ ፕሮጀክቴን ያገኘሁት፣ በረከትዎ ይድረሰኝ።

ፕሮጀክቴን ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ደንገል ሊኖ ላይ ቀርጬ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ላይ ነው ያተምኩት። እዚህ ጋ ሸማኔውን ጋሼን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ነው። የሳሳ ጨርቅ ላይ ስናትም ቀለሙ በቀዳዳው ያልፍና መስመሩ ይቆራረጣል። ጋሼ ፕሪንቱን በጣታቸው ዳበስ አድርገው ምንም ሳይሉ ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው ማጉን ጠበቅ ጠበቅ አድርገው እየመቱ አንድ ክንድ ያህል ሸመኑና "በዚህ ሞክሪው፣ መጀመሪያ ግን አጥበሽ አድርቂው" አሉኝ። አጥቤ አደረቅኩት፣ ከዛ ሳትም የደንገሉ ጸጉር የምትመስለዋ ቀጭኗ መስመር ሳትቀር ወጣች! ከዛ በኋላ መወርወሪያውን ሰጥተው እኔን ራሴን አስቀመጡኝ፣ ለጥለቱ የመረጥኩትንም ሰማያዊ ክር አብረን አስገባን፣ የሸማኔ ቤቱ ሰው ሁሉ "ልጅቷ መጣች" እያለ ቦታ ይለቅልኝ ነበር። ጋሼ ጨርቁ ግማሹ የእርስዎ ነው፣ ስራው ስር ያለው ወረቀት ላይም "ሸማኔ" ብዬ ከኔ ስም በላይ ነው የጻፍኩት፣ ስምዎን አታውጪው ስላሉኝ ነው እንጂ።

እማዬ፣ ባኞሽን ሁሉ ቀለም አድርጌብሽ አንድ ቀን ፊትሽን ያላጠቆርሽብኝ፣ አንቺን በጽሁፍ አልችልሽም፣ ማታ ቤት ነው የምነግርሽ። የክፍሌ ልጆች፣ ያን ሌሊት የራሳችሁን ትታችሁ የሌላውን መጀመሪያ ስታወርዱ አይቻችኋለሁ። በስም ያልጠራኋችሁ ሁሉ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልኝ።

ለቀጣይ ዓመት በሽመናና በጨርቅ ህትመት ነው የምቀጥለው፣ አጎቴም መክፈቻው ላይ መጥቶ ከኔ አንድ ጨርቅ ገዝቷል። በመስከረም ኮርሱን የምትጀምሩ ልጆች ካላችሁ የሊኖ መቅረጫዎቼንና ሮለሬን ለማዋስ ዝግጁ ነኝ፣ መግዣው ውድ ነው ብላችሁ አትጨነቁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።