የኦበርን ጎዳና ቁጥር 501

አትላንታ፣ የካቲት 2024 እ.ኤ.አ.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽም እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው ሳምንት ስትደውዪ ስለ ታሪክ ትምህርትሽ አንሥተሽ «አባዬ፣ የጥቁሮች መብት ታጋዩን የማርቲን ሉተር ኪንግን የትውልድ ቤት ልታሳየኝ ወስደኸኝ ነበር አይደል?» ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ ሥራ ላይ ስለነበርኩ «አዎ» ብቻ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ነገሩ ግን በአንድ «አዎ» የሚያልቅ አልነበረምና ይህን ደብዳቤ ጻፍኩልሽ።

እንደምታውቂው በዚያ አካባቢ ፓርኪንግ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ጎብኚዎች መኪናቸውን አቁመው መንገዱን ሲጠይቁኝ፣ በኦበርን ጎዳና ቀጥ ብለው፣ ከአውራ ጎዳናው ድልድይ ሥር አልፈው፣ የኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያንንም ካለፉ በኋላ 501 ቁጥርን እንዲፈልጉ እንደ ዳዊት በቃሌ እነግራቸዋለሁ። እኔ ራሴ ግን አንቺን ይዤ እስከሄድኩበት ቀን ድረስ ደጃፉን ረግጬ አላውቅም ነበር። የእነርሱ ታሪክ ነው፣ እኛ እንግዶች ነን እል ነበር።

ቤቱ በ1895 የተሠራ፣ ገርጣ ያለ ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። ሠፈሩ መጀመሪያ የነጮች ነበር። በ1906 የነጮች መንጋ በከተማው ጥቁሮች ላይ ተነሥቶ ብዙዎችን ከገደለ በኋላ ነጮቹ ቀስ በቀስ እየለቀቁ፣ ጥቁር ነጋዴዎችና ቤተሰቦች ደግሞ በኦበርን ዙሪያ እየተሰባሰቡ መጡ። የኤቤኔዘሩ መጋቢ ኤ. ዲ. ዊልያምስ ቤቱን በ1909 በ3,500 ዶላር ገዙት፤ ዛሬ ያ ገንዘብ የእኛን የሁለት ወር ኪራይ ቢሸፍን ነው። ሴት ልጃቸው አልበርታ በ1926 ስታገባ ባልና ሚስቱ እዚያው ከወላጆቿ ጋር ኖሩ፤ ማርቲንም ጥር 15 ቀን 1929 ፎቅ ላይ ካለው መኝታ ክፍል ተወለደ። ከበረንዳው ፊት ለፊት ክፍሎቻቸው እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠሉ ጠባብ የሠራተኛ ቤቶች ተደርድረዋል። መጋቢውና የቀን ሠራተኛው የአንድ መንገድ ጎረቤት የሆኑት ወደው ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ ያለው ጥቁርም ቢሆን በፈለገበት ሠፈር መኖር አይፈቀድለትም ነበር።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። አስጎብኚዋ ደረጃው ሥር አቁማን፣ የማርቲን ታናሽ ወንድም በደረጃው መደገፊያ ላይ ሲንሸራተት አያቱን ጄኒን ገጭቶ እንደጣላቸው፣ ማርቲንም የሞቱ መስሎት በድንጋጤ ከፎቅ በመስኮት እንደዘለለ ስትነግረን፣ አንቺ መደገፊያውን በእጅሽ እየዳበስሽ ሳቅሽ። እኔ ግን የሥራ ሰዓቴ እየደረሰ ስለነበር እጅሽን ይዤ አጣደፍኩሽ፤ የመመገቢያ ክፍሉን በወጉ እንኳ አላየነውም።

ያ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይበላ የነበረው እዚያ ነው። ኪንግ ራሳቸው በኋላ እንደጻፉት፣ መንገድ ማዶ ሱቅ የነበረው የአንድ ነጭ ሰው ልጅ ጓደኛቸው ነበር፤ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ግን ያ ልጅ አባቱ ከእሳቸው ጋር እንዳይጫወት እንደከለከለው ነገራቸው። ወላጆቻቸው ነገሩን ያስረዷቸው ማዕድ ላይ ነው። እናታቸው ነገሩን አላድበሰበሱም፤ ስለ ባርነቱ፣ ስለ እርስ በርስ ጦርነቱ፣ በየበሩ ስለተሰቀለው የ«ነጮች ብቻ» ጽሑፍ ከነገሯቸው በኋላ፣ አንተ ከማንም አታንስም አሏቸው።

ልጄ፣ በዚያው ዓመት አንቺም የክፍል ጓደኛሽ እናት ከሌሎቹ ልጆች ለይታ ወደ ልደቱ እንዳትመጪ ማለቷን ሰምተሽ ወደ ቤት እንደመጣሽ ታስታውሻለሽ? እኔ ረስቼው አላውቅም። ጫማሽን ሳታወልቂ በሩ ሥር ቆመሽ «በቀለሜ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ደግሞ «ተይው፣ ቀለምሽን ቁጠሪ» አልኩሽ። ያ ሳያንስ «አንቺ ሐበሻ ነሽ፣ እነርሱ የሚጠሉት ጥቁር ሌላ ነው» ብዬ ጨመርኩበት። አንቺን ያሳረፍኩ መስሎኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ያሳረፍኩት ራሴን ነው። አንቺም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀሽኝ አታውቂም።

በዲቪ እዚህ አገር ስገባ፣ ለእያንዳንዱ አገር እየለየ ኮታ ይመድብ የነበረው የስደተኞች ሕግ የተሻረው በ1965፣ በዚያው የጥቁሮች የመብት ትግል ዘመን መሆኑን አላውቅም ነበር። በየቀኑ ለጎብኚዎች የማሳየው ድልድይም ቢሆን የሠፈሩን ሆድ ለሁለት ሰንጥቆ የተሠራ አውራ ጎዳና መሆኑን የነገሩኝ አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ናቸው። በባርነት የተወለደው አሎንዞ ኸርንደን ያቋቋመው የመድን ድርጅት ደርቶ ይሠራበት የነበረው ጎዳና፣ መንገዱ መሀሉን ካለፈበት በኋላ ነዋሪውም ገበያውም እየሳሳ ሄደ። እኔ ግን ድልድዩን እንደ ወንዝና እንደ ተራራ ድሮም የነበረ አድርጌ ነበር የማየው።

ቤቱ ከኅዳር 2023 ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቷል፤ እስከ ኅዳር 2025 ይቆያልም ተብሏል። ስለዚህ ለፀደይ ዕረፍት ስትመጪ ወደ ውስጥ መግባት አንችልም። ቢሆንም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናችንን እኔ ጋ አቁመን፣ ከድልድዩ ሥር አልፈን በእግራችን እስከ 501 እንሂድ። ያን ቀን በሩ ሥር ቆመሽ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱን መንገድ ላይ እነግርሻለሁ፤ ለሥራ ተረኛው ቀኑን እንዲለውጥልኝ ከወዲሁ ነግሬዋለሁ።

አባትሽ